ኖራና ሎሚ

እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ኬሚስትሪ በዚህች መጽሔት ላይ ብዕር ስናነሣ የሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን ፈገግ እንደሚሉ እናውቃለን። መቸም የሰው ማሳ ገብቶ ማረስ ደግ አይደለም። ይሁን እንጂ ልንናገረው ያሰብነው ነገር ከመጽሐፍ የቀዳነው ሳይሆን በገዛ ግቢያችን፥ በሐረር ከተማ በአቦከር፥ በዓይናችን ያየነውና እስከ ዛሬም በታወሰን ቁጥር የሚያሳፍረን ነገር ስለ ሆነ፥ ማሳው የማንም ይሁን የማን ጥቂት ፈር እንድናወጣበት ይፈቀድልን።

«እኛ» የምንለው ባንድ ግቢ ያደግን ሦስት ልጆችን ነው። ባንድ ወንበር ተቀምጠን፥ አንድ መጽሐፍ ለሦስት ተካፍለን ተምረናል። ዛሬ ሁለታችን በአርት ፋኩልቲ፥ አንዳችን በምሕንድስና እንገኛለን። ይህን ጽሑፍ የጻፈው ከሦስታችን አንዱ ነው፤ ጥፋቱ ግን የሦስታችን ስለ ነበረ ኑዛዜውም የሦስታችን እንዲሆን ተስማምተናል።

ሐረርን ያላየ አንባቢ እንዲረዳልን ስለ አገሩ ጥቂት እንበል። አሮጌዋ ከተማ ጀጎል በ16ኛው ምዕተ ዓመት አሚር ኑር ባሠሩት ግንብ የተከበበች፥ በ2006 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበች ናት። ቤቶቿ ተጠጋግተው የተሠሩ፥ መንገዶቿም ከመጥበባቸው የተነሣ አህያ ጭኖ የሚመጣ ሰው ሲያጋጥም አንዱ ወገን ወደ ኋላ ተመልሶ እስኪያሳልፍ ድረስ የሚያቆሙ ናቸው። የሐረሪ ቤት ውስጡ ነደባ የሚባለው መደብ በቀይ አፈር የተቀባ፥ ግድግዳው ደግሞ በኖራ የነጣ ነው። በዓል በቀረበ ጊዜ በየግቢው በርሜል ይወጣል፥ ኖራ ይበጠበጣል፥ ልጅ ሁሉ ብሩሽ ይዞ ይሰለፋል። በኛ ግቢ ሙስሊምም ክርስቲያንም ስለምንኖር፥ ለአረፋም ለፋሲካም ግድግዳ መቀባት የኛ የልጆቹ ሥራ ነበር።

በግቢያችን በዕድሜ አንጋፋዋ፥ ሁላችንም «እማማ» የምንላቸው የሐረሪ እናት ናቸው። እማማ ፊደል አልቆጠሩም። ነገር ግን ኖራ ሲበጠበጥ ከሳቸው በቀር በርሜሉ አጠገብ ማንም እንዲቆም አይፈቅዱም ነበር። አስቀድመው በርሜሉን በውሃ ይሞላሉ፤ ከዚያ ኖራውን ትንሽ ትንሹን እየቆነጠሩ ወደ ውሃው ይጨምራሉ። ውሃውን ወደ ኖራው ሲያፈሱ ግን አይተናቸው አናውቅም። ምክንያቱን ጠይቀን አናውቅም ነበር፤ የአሮጊት ልማድ መስሎን ያልፈን ነበር።

ኖራ ምን እንደ ሆነ ያወቅነው ዘግይተን ነው። የኖራ ድንጋይ በምድጃ ውስጥ እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲጋይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን አየር ይለቅና ካልሲየም ኦክሳይድ ይሆናል። ከ100 ኪሎ ንጹሕ ድንጋይ 44 ኪሎው እንደ ጢስ ወደ ሰማይ ይሄዳል፤ በምድጃው የሚቀረው 56 ኪሎ ብቻ ነው። ይህ 56 ኪሎ ደግሞ 18 ኪሎ ውሃ ጠጥቶ 74 ኪሎ የበረደ ኖራ ይሆናል። ሲጠጣ ግን በጸጥታ አይደለም፤ ይግላል፥ ይንጫጫል፥ ውሃው ጥቂት ከሆነም አፍልቶ ይረጨዋል። ግድግዳ ላይ ከተቀባ በኋላ ያንኑ ያጣውን አየር ከነፋሱ ቀስ እያለ መልሶ ይወስድና እንደ ቀድሞው ድንጋይ ይሆናል። እንግዲህ ቤት ማንጣት ማለት ድንጋይን በእሳት አፍርሶ በግድግዳ ላይ መልሶ መሥራት ነው።

ከኖራው ቀጥሎ መነገር የሚገባው የውሃው ነገር ነው። ሐረር ለብዙ ዘመን ከሐረማያ ሐይቅ ትጠጣ ነበር። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ሐይቁ ደረቀ፤ በቅርብ ዓመታት ውሃ መልሶ መያዙ ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም፥ የኛ ልጅነት ያለፈው ከተማዋ ፊቷን ወደ ድሬዳዋ ባዞረችበት ጊዜ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ከዚያ ቆላ የጉድጓድ ውሃ እየተገፋ 1900 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሐረር ይወጣል። ይህን ያህል ዳገት የሚወጣ ውሃ በየተራ ቢደርስ አያስደንቅም። በኛ ግቢ ቧንቧው ሳምንት፥ አንዳንዴም ሁለት ሳምንት ደርቆ ይቆይ ስለ ነበር፥ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን በየበሩ ተደርድሮ መታየቱ እንደ ቤት ዕቃ የተቆጠረ ነገር ነበር። ልጅ ሆነን ከሁሉ በፊት የተማርነው ሥነ ሥርዓት ውሃ አለማፍሰስ ነው። ፊት የታጠብንበት እግር ይታጠብበታል፤ እግር የታጠብንበት ግቢ ይረጭበታል።

ይህ ውሃ ደግሞ ብቻውን አይመጣም። ዝናብ ሲወርድ ካየርና ካፈር ጥቂት ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ደካማ አሲድ ይሆናል፤ በኖራ ድንጋይ መካከል ሲያልፍም ድንጋዩን እያሟሟ ይወርዳል። በዓይን ሲታይ ጥሩ ውሃ ነው፤ ሲፈላ ግን ያ አየር ይወጣና የሟሟው ድንጋይ ማንቆርቆሪያው ግድግዳ ላይ ነጭ ቅርፊት ሆኖ ይጋገራል። አያታችን ይህን ቅርፊት የምታስለቅቀው በሎሚ ነበር። ሁለት ሎሚ ጨምቃ ከውሃ ጋር ታፈላዋለች፤ ቅርፊቱ አረፋ እየደፈቀ ይለቃል። እኛም ከምድጃው አጠገብ ቁጭ ብለን ሎሚ ድንጋይ ሲያሸንፍ እያየን እንደነቅ ነበር። ይህን አንባቢ እንዲያስብልን እንለምናለን፤ የኋላው ጥፋታችን ሥሩ እዚህ ነውና።

10ኛ ክፍል ስንደርስ የኬሚስትሪ መጽሐፋችን ስለ አሲድና ስለ ቤዝ አንድ ምዕራፍ ነበረው። አሲድ ጎምዛዛ ነው፤ ቤዝ ይመርራል፥ ያሟልጫል። አሲድ ሲደመር ቤዝ ጨውና ውሃ ይሰጣል። ይህችን የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር መምህራችን በእንግሊዝኛ ይሏታል፤ ስድሳ ተማሪ ባንድ ድምፅ ይመልሳታል። ሊትመስ ወረቀት ቀለሙ እንደሚለወጥ እናውቃለን፤ ወረቀቱን ራሱን ግን ያየነው በመጽሐፉ ሥዕል ላይ ብቻ ነው። መምህራችን ደግ ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን ባዶ እጃቸውን የሚያስተምሩ ሰው ከቃል በቀር ምን ሊሰጡ ይችላሉ? በፈተናው ሦስታችንም ጥሩ ውጤት አገኘን። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፥ የታጠቅነው ሲፈታ ለማየት ብዙ መቆየት አላስፈለገንም።

አረፋ አንድ ሳምንት ሲቀረው የእማማን ቤት ልናነጣ ከጧት ጀምረን ተሰለፍን። እማማ በርሜሉን ከሞሉ በኋላ ወደ ጓዳ ገቡ። ግቢው ውስጥ እኛና የልጅ ልጃቸው ቀረን፤ ልጁ አምስት ዓመቱ ነው፥ ማሙሽ እንለዋለን። ማሙሽ የምናደርገውን ሁሉ በማድነቅ የሚከተል ልጅ ስለ ነበር እኛም የሚደነቅ ነገር ልናሳየው ወደድን። ባንድ ጣሳ ውስጥ ጡጫ የሚያህል ውሃ ያልነካው ኖራ አኖርንና አንድ ኩባያ ውሃ አፈሰስንበት። «ተመልከት ማሙሽ፥ ይህ ኬሚስትሪ ይባላል» አልነው። ልጁም ሊያይ አጎነበሰ።

መጀመሪያ ዝም አለ። ቀጥሎ ጣሳው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያም ነጭ ነገር ተፈናጠረ። የማሙሽ ጩኸት እስከ ዛሬ ድረስ በጆሯችን አለ።

ያን ጊዜ የተማርነው ሁሉ ባንድ ጊዜ ትዝ አለን። ኖራ ቤዝ ነው፤ ቤዝን የሚያጠፋው አሲድ ነው፤ አሲድ ደግሞ ሎሚ ነው፤ ሎሚ ኖራን ሲያሸንፍ በማንቆርቆሪያው ውስጥ አይተናል! አንዳችን ልጁን ያዘ፤ አንዳችን ሮጦ ከአያታችን ጓዳ ሎሚ አመጣና በቢላዋ ሰነጠቀ፤ አንዳችን የልጁን የዓይን ቆብ ሊከፍት ታገለ። እውነቱን እንናገር፤ በዚያች ቅጽበት ከድንጋጤያችን ጋር ጥቂት ኩራትም ነበረን። ትምህርታችን ለሥራ የዋለበት የመጀመሪያው ቀን መስሎን ነበር።

እማማ ከጓዳ የወጡት ሎሚው ከልጁ ዓይን አንድ ስንዝር ሲቀረው ነው። እንዴት እንደ ደረሱ አላየንም፤ ያየነው ሎሚው ከእጃችን ተመቶ ግቢው ውስጥ ሲንከባለል ነው።

«ምን ልታደርጉት ነው? በእሳት ላይ ሌላ እሳት? ውሃ አምጡ!»

አንዳችን በልማዱ አንድ ኩባያ ውሃ ቀድቶ መጣ።

«ጥቂት ውሃ ኖራን ያስቆጣዋል፤ ብዙ ውሃ ነው የሚያበርደው! ጀሪካኑን አምጡት ልጆቼ፥ ጀሪካኑን!»

እማማ ልጁን በጉልበታቸው ላይ አጋደሙት፤ የተጎዳው ዓይን ወደ ታች እንዲሆን ራሱን ዘወር አደረጉ፤ በሁለት ጣታቸው ቆቡን ገልጠው በማንቆርቆሪያ ቀስ እያሉ ያፈሱ ጀመር። በነጠላቸው ጫፍ ነጩን ቅንጣት ከቆቡ ሥር እየጠረጉ ደግሞ ያፈሳሉ። ማንቆርቆሪያው ሲያልቅ እኛ ከጀሪካኑ እንሞላለን። የመጀመሪያው ጀሪካን አለቀ። ሁለተኛው አለቀ። የእማማ ቤት ውሃ ይህ ብቻ ነበር፤ ቧንቧው ከደረቀ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። የኛን ቤት አመጣን። ውሃው በግቢው በር ሥር አልፎ ወደ መንገዱ ሲወርድ አንድ የጎረቤት ሰው «ማነው በዚህ ዘመን ውሃ የሚደፋ?» እያሉ ሊቆጡ ገቡ፤ ያለውን ባዩ ጊዜ አንድ ቃል ሳይናገሩ ተመለሱና በሁለት እጃቸው ሁለት ጀሪካን አንጠልጥለው መጡ። ከሳቸው በኋላ ሌላው መጣ፤ ከዚያም ሌላው። ማንም «ይበቃል» አላለም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እማማ ልጁን በነጠላ ጠቅልለው ባጃጅ ተጠራ፤ በባጃጁም ውስጥ ጀሪካን ይዘን እያፈሰስንበት ሐኪም ቤት ደረስን።

ሐኪሙ በመጀመሪያ ያደረገው ነገር ትንሽ ቢጫ ወረቀት ከሣጥን አውጥቶ በልጁ የዓይን ቆብ ሥር ማስነካት ነበር። ወረቀቱ አረንጓዴ ሆነ። ሐኪሙ ከሣጥኑ ላይ ካለው የቀለም ሰንጠረዥ ጋር አስተያየውና «ገና ስምንት ነው» አለ፤ ከተሰቀለ የጨው ውሃ በቀጭን ቱቦ ደግሞ ያጥበው ጀመር። በየጊዜው ወረቀቱን እያስነካ፥ ቀለሙ ወደ ሰባት እስኪመለስና በዚያው እስኪረጋ ድረስ ቆየ። እንግዲህ በ10ኛ ክፍል መጽሐፍ ሥዕሉን ብቻ ያየነውን ወረቀት መጀመሪያ በእውን ያየነው በማሙሽ ዓይን ውስጥ ነው።

ሐኪሙ ሥራውን ሲጨርስ «ይህን ልጅ የጠቀመው ቤት ውስጥ የፈሰሰው ውሃ ነው፤ ማን ነው ያጠበው?» ብሎ ጠየቀ። እማማ መሬት መሬት እያዩ ዝም አሉ። እኛም ዝም አልን፤ ዝምታችን ግን የተለያየ ነበር።

በሳምንቱ ወደ መምህራችን ሄደን ሁሉንም፥ ሎሚውንም ጭምር፥ ተናዘዝን። አልተቆጡንም። ጠመኔ አንሥተው በባዶ ክፍል ውስጥ ለሦስታችን ብቻ አስተማሩን፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ቀን ኬሚስትሪ አልገባንም። የነገሩንን ባጭሩ እናቅርብ።

አንደኛ፥ 1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ሊያሟሟ የሚችለው ኖራ 1.7 ግራም ገደማ ብቻ ነው። በበርሜሉ ውስጥ ውሃውን እንደ ወተት የሚያነጣው ኖራ ሳይሟሟ የተንሳፈፈ ነው። ስለዚህ በዓይን ቆብ ሥር የተሸሸገች አንዲት ቅንጣት እንደ ጎተራ ናት፤ ከላይ ያለው ሲታጠብ እሷ ደግሞ ሌላ ታቀብላለች። እማማ በነጠላ ጫፍ እየጠረጉ ያወጡት ይህን ጎተራ ነው።

ሁለተኛ፥ የሟሟው ኖራ በፒኤች መለኪያ 12.4 ገደማ ነው። የዕንባችን ልክ 7 አካባቢ ነው። ልዩነቱ ለጆሮ አምስት ተኩል ያህል ይመስላል፤ ነገር ግን በዚህ መለኪያ አንድ ደረጃ መውረድ ማለት ዐሥር እጅ መቅጠን ማለት ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ፥ ማለት 5 ሚሊ ሊትር የኖራ ውሃ፥ ከ12.4 ወደ 11.4 ለማውረድ በጠቅላላው 50 ሚሊ ሊትር ማድረስ ያስፈልጋል፤ ወደ 10.4 ግማሽ ሊትር፤ ወደ 9.4 አምስት ሊትር፤ ወደ 8.4 ሃምሳ ሊትር። ሃምሳ ሊትር ሁለት ጀሪካን ተኩል ነው! እኛ በልማድ ያመጣናት አንዲት ኩባያ ምን ያህል መንገድ ታስኬድ እንደ ነበር አንባቢ ራሱ ያስላው። ደግነቱ፥ የሚፈስ ውሃ ከሚጠራቀም ውሃ ይሻላል፤ ያጠበውን ይዞ ይሄዳልና። ስለዚህ እማማ በሳሕን ውስጥ ዓይኑን ከመንከር ይልቅ እያፈሰሱ ማጠባቸው ትክክል ነበር።

ሦስተኛ፥ አልካሊ ከአሲድ ይልቅ ለዓይን የከፋ ነው። አሲድ ሥጋን ሲነካ እንደ እንቁላል ያረጋዋል፤ የረጋውም አካል ብዙ ጊዜ ራሱ እንደ ግድግዳ ሆኖ ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ ያግደዋል። አልካሊ ግን ስቡን ወደ ሳሙና እየለወጠ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ኖራ የነካ ጣት የሚያሟልጨው የራሱ የቆዳው ስብ ሳሙና እየሆነ ስለ ሆነ ነው። አመድ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው ልብስ ያጥቡ የነበሩ እናቶችም የሚጠቀሙበት ይህንኑ ጠባይ ነው። ስለዚህ ደቂቃ ዋጋ አለው፤ ሎሚ ፍለጋ የጠፋችው ደቂቃ የዓይን ደቂቃ ናት።

አራተኛ፥ ሎሚው። መምህራችን እዚህ ሲደርሱ ጠመኔውን አስቀመጡ። «አሲድና ቤዝ ሲገናኙ ጨውና ውሃ ይሆናሉ ብዬ አስተምሬአችኋለሁ፤ ሲገናኙ ሙቀትም እንደሚወጣ ነግሬአችኋለሁ፤ ምን ያህል ከምን ያህል ጋር ብላችሁ ግን አልጠየቃችሁኝም» አሉን። እውነት ነው። በልጁ ዓይን ውስጥ ስንት ኖራ እንዳለ አናውቅም፤ በሎሚው ውስጥ ስንት አሲድ እንዳለ አናውቅም። የሎሚ ጭማቂ ፒኤች ከ2 እስከ 2.5 ያህል ነው። ኖራው ባለቀበት ሥፍራ ሎሚው ለራሱ ሌላ ቁስል ያቆስላል፤ ሁለቱ በተገናኙበት ሥፍራም በተቃጠለ ዓይን ላይ ሙቀት ይጨመራል። ውሃ ግን ልኩን የሚያስት ነገር የለውም፤ ቢበዛ ምን ይጎዳል?

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር አጥብቀን ያዝን። ይኸውም፥ አንድ ነገር እውነት መሆኑን ማወቅና በየት ሥፍራ፥ በስንት ልክ እውነት እንደሚሆን ማወቅ ሁለት የተለያዩ ዕውቀቶች ናቸው። አሲድ ቤዝን ያጠፋል የሚለው ቃል ሐሰት አይደለም፤ በማንቆርቆሪያ ውስጥ ሠርቷል። በእርሻም ይሠራል። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት ከመቶ 40 ያህሉ፥ በተለይም ዝናብ በሚበዛባቸው በምዕራብና በሰሜን ምዕራብ ደጋዎች፥ አሲድነት ያጠቃዋል፤ መድኃኒቱም የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። ነገር ግን በዚያ ገበሬው ከመበተኑ በፊት አፈሩ ይመረመራል፥ ለአንድ ሄክታር ስንት ኩንታል እንደሚበቃ ይሰላል፤ ከዘር በፊት ከአፈሩ ጋር ይቀላቀላል፥ ሥራውንም ለመሥራት ወራት ይሰጠዋል። አንዱ ቃል በማሳ መድኃኒት፥ በዓይን ግን መርዝ የሆነው በሥፍራውና በልኩ ምክንያት ነው። «ከአነጋገር ይፈረዳል፥ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚለው ተረት ለኬሚስትሪም ይሆናል።

ይህንን ሳይንስ የመሠረቱት ሰዎች ታሪክም የሚያስተምረን ይህንኑ ይመስለናል። ስቫንቴ አሬኒየስ የተባለ የስዊድን ተማሪ በ1884 እ.ኤ.አ.፥ ሐረር ገና በግብጽ ጦር እጅ ሳለች፥ ጨው በውሃ ሲሟሟ ኤሌክትሪክ ወደሚሸከሙ ቅንጣቶች እንደሚከፋፈል ጽፎ ለኡፕሳላ ዩኒቨርስቲ አቀረበ። መምህራኑ የሰጡት ዝቅተኛ ማዕረግ ነበር፤ በ1903 እ.ኤ.አ. ግን በዚሁ አሳብ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። አነስተኛ ውጤት ላገኘን ሁሉ ይህ መጽናኛ ይሁነን። ፒኤች የሚባለውን መለኪያ ያወጣው ሶረንሰን ደግሞ በ1909 እ.ኤ.አ. የሠራው በኮፐንሃገን በካርልስበርግ የቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ጠማቂ «ጎምዛዛ ነው» በሚል ቃል አይረካም፤ «ስንት ያህል?» ብሎ ይጠይቃል። መለኪያው የተወለደው ከዚህ ጥያቄ ነው። እማማም ቁጥሩን ባያውቁት ጥያቄውን ያውቁታል፤ ዕድሜ ልካቸውን በርሜል አጠገብ ቆመው፥ ጥቂት ውሃ ምን እንደሚያደርግና ብዙ ውሃ ምን እንደሚያደርግ በእጃቸው ለክተውታልና።

ከዚህ ተነሥተን «እንግዲያውስ መጽሐፍ ምን ይረባል፥ የእናቶቻችን ዕውቀት ይበቃናል» የምንል እንዳይመስል። ሐኪሙ ወረቀቱን ባይዝ ኖሮ ዓይኑ መጥራቱን በምን ያውቅ ነበር? «ገና ስምንት ነው» ያለው ወረቀቱ እንጂ የእማማ እጅ አይደለም። ልጁን ያዳኑት ሁለቱም ናቸው። በመካከላቸው የቆምነው እኛ ግን ከሁለቱም አልነበርንም፤ የእማማን ልምድ ንቀን የሐኪሙን ልክ ሳንይዝ፥ በእጃችን የነበረው አንድ የተሸመደደ ዐረፍተ ነገርና አንድ ግማሽ ሎሚ ነበር። አደጋውም ከዚያ መጣ።

ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ተማሪዎች ሆይ፥ ይህን ያወራነው ለኑዛዜ ብቻ አይደለም። ክረምት ሲመጣ ብዙዎቻችን ወደየአገራችን እንመለሳለን። እዚያም ስድሳ ልጅ ባንድ ድምፅ የሚዘምርበት፥ ሊትመስ ግን ያልገባበት ክፍል ይጠብቀናል። ስለዚህ በገንዘብ ደረጃ ለማንም የማይከብድ አንድ ነገር እናሳስብ። ከገበያ ጥቂት የተፈጨ እርድ ግዙ፤ ከመድኃኒት ቤት በሚገኝ አልኮል በጥብጡት፤ ነጭ ወረቀት ንከሩበትና በጥላ አድርቁት፤ ከዚያም በቀጫጭኑ ቁረጡት። ይህ ቢጫ ወረቀት የኖራ ውሃ ሲነካው ወደ ቡናማ ቀይ ይለወጣል፤ የሳሙናና የአመድ ውሃም እንዲሁ ያደርጉታል፤ ሎሚ ሲያርፍበት ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል። አሲድን ለብቻው አይለይም፥ ቁጥርም አይናገርም፤ ነገር ግን ልጁ በገዛ እጁ ጠብታ እየቆጠረ «ስንት ሲጨመር ተለወጠ?» ብሎ እንዲጠይቅ ያደርገዋል። ይህን ስታሳዩ ግን ውሃ ያልነካውን ኖራ ለልጅ አትስጡ፤ ዓይናችሁን ጠብቁ፤ አስቀድማችሁም በቂ ውሃ አጠገባችሁ አኑሩ። እኛ ያላደረግነው ይህን ነው።

ለመጨረሻ ስለ ማሙሽ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖራል። ማሙሽ ዛሬ ትልቅ ልጅ ሆኗል፤ ያያል፥ ያነብባል፥ ኳስም ይጫወታል። በግራ ዓይኑ ጥግ ግን የጤፍ ፍሬ የምታህል ነጭ ጥላ ቀርታለች። በዕረፍት ወደ አቦከር ስንመለስ ሮጦ ይመጣና ትምህርታችንን ይጠይቀናል፤ እኛም ስንመልስለት ዓይናችን ወደዚያች ጥላ ይሄዳል። ያን ዓመት ግቢያችን አረፋን ያከበረው ግድግዳው እኩሌታ ነጥቶ እኩሌታ ሳይነጣ፥ ልብስ ሳይታጠብ፥ ውሃ ከሌላ ሰፈር እየተለመነ ነበር። እማማ ግን እንግዳቸውን ሁሉ እንደ ልማዳቸው ተቀበሉ። «ቤትዎ ለምን ሳይነጣ ቀረ?» ላሏቸው ሰዎች የሰጡት መልስ አንድ ነበር። «ውሃው ሥራ ነበረው» ይሉ ነበር።